ግማሽ ብርጭቆ

በሎቤድ ተጭኖ ከድሬዳዋ ወጣ፣
ሐዲድ የለመደ፣ በጎማ ታዝሎ መጣ።
ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ
ልጅ ሁሉ ተከተለው እስኪራገፍ ድረስ።

እትዬ ሩቅያ ናት ገዝታ ያስመጣችው፣
ከቦርከና ዳር፣ በብሎኬት ላይ ያስቀመጠችው።
«ቀለሙን አትንኩት፣ ዝገቱን ብቻ ፋቁ» አለች፤
ከበሩም በላይ በነጭ ቀለም አጻፈች፦
«የእራት ጉዞ፤ ቅዳሜ፣ ከመግሪብ በኋላ»፤
ወዴት እንደሆነ ግን አላለች።

ከፉርጎው ጋር አብሮ መጣ ጋሽ ወርዶፋ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ትሪ ይዞ፣ በባቡር ሆድ የለፋ።
ሲቆም እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ላላ፣
መሬት የምታመልጠው ይመስል፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ።
ሾርባም ሆነ ሻይ፣ ውሃም ሆነ ጭማቂ፣
ከግማሽ አያልፍም እጁ፤ ልኩን አዋቂ።

እኔን ያሠለጠነኝ ያን ክረምት ነበረ፤
«አንተ ልጅ፣» ይለኛል፣ «ሙሉ የቀዳ ሰው ኩርባ ላይ ከሰረ።
መጀመሪያ የሚሰማህ በቁርጭምጭሚትህ፣
ከዚያ በጉልበትህ፤
ዓይንህ ጋ ሲደርስማ ፈስሷል ሻይህ።»
«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሄድም።»
«ዛሬ አይሄድም፣» ይላል፤
ፎጣውን ክንዱ ላይ አጥፎ ሾርባ ያድላል።

ደንበኛ አጉረመረመ። የጨርቃ ጨርቁ ሒሳብ ሹም
«ሙሉ ከፍዬ ግማሽ?» አለ፤ «ይሄስ አይሆንም።»
እትዬ ሩቅያም አንድ ማታ ጠራችው ለብቻ፤
«ወርዶፋ፣ ሌላው ይቅር፤ ብርጭቆ ሙላልኝ ብቻ።»
«እሺ፣» አላት።
በማግስቱ ግማሽ።

ያን ቅዳሜ ማታ ሞልቶ ነበር ፉርጎው፤
የሐይቅ ዓሣ ጉላሽ፣ ሩዝ ከነፍየል ሥጋው።
ከኬሚሴ የመጡ ሁለት አዲስ ሙሽሮች
መስኮት ዳር፣ ባንድ ሳህን፣ ገና የሚተፋፈሩ ዓይን አፋሮች።
ከመስኮቱ ማዶ የሐረጎ ዳገት፣
ደሴ የሚወጡ የከባድ መኪኖች መብራት፣
አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣
ባቡር ይመስል ነበር ከሩቅ ሲታይ።

መጀመሪያ ሹካዎች ናቸው የተነጋገሩ፣
ከዚያ መጋረጃዎች፣ ነፋስ ሳይኖር፣ መደነስ ጀመሩ፣
ከዚያ እኔ፣
በቁርጭምጭሚቴ።
ከምሥራቅ፣ ከአፋር በኩል፣ መሬት ጎኗን ስትለውጥ
የቆመው ፉርጎ ተነሣ፣ ጥሩምባ ሳይነፋ፣ ሳይሮጥ።

ሒሳብ ሹሙ ከጠረጴዛው ሥር፤ ሙሽራዋ ሙሽራው ደረት ላይ፤
እትዬ ሩቅያ «ያ አላህ!» አለች፣
እጇ ከገንዘቡ መሳቢያ እንደገባ ቀረ።
ጋሽ ወርዶፋ ግን
ከመተላለፊያው መሐል፣ እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ላላ፣
ትሪውን በመዳፉ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ።
የስድስቱም ብርጭቆ ሻይ ወዲያና ወዲህ አለ፣
አፋፉን ነካ፣ ተመለሰ፤ አንድ ጠብታ አልጎደለ።
ግራ ስንል ወደ ግራ፣ ቀኝ ስንል ወደ ቀኝ፣
«አይዟችሁ፣ ኩርባ ነው፣» አለ፤ «አሁን ያልፋል፣ ተቀመጡልኝ።»

ስምንት ሰከንድ ቢሆን ነው።
ሹካዎቹ ዝም አሉ። ውጪ፣ የከተማው ውሻ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ።
ሒሳብ ሹሙ ጉልበቱን እያራገፈ ወጣ፣
ግማሹን ሻይ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቃል ሳይናገር፣ ጠጣ።
«የት ደረስን?» አለች ሙሽራዋ፣ ስቃ ይሁን ፈርታ፣
ሁላችንም በመስኮት አየን፣ የምር፣ ለአንድ አፍታ።
ሐረጎ ላይ መኪኖቹ ቆመዋል፣ መብራታቸው እንደበራ፤
ያኛው ባቡር ነበር የቆመ፣ በተራ።

ኋላ፣ ሰው ከፍሎ ሲሄድ፣ ወጥ ቤት ገባሁ።
የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤
እጆቹ ጉልበቱ ላይ፣ ይንቀጠቀጣሉ፤
ያኔ ያልፈሰሰው ሁሉ አሁን እዚያ ይፈሳል።
«አንተ ልጅ፣» አለኝ፣
«እስቲ ለኔም አንድ ሻይ ቅዳልኝ፣
እስከ አፉ ሙላው።
ወርጃለሁ።»