ቁጥር ዐሥራ አራት

በፍላንደርስ መንደር፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣
የቅርጫት ኳስ ሜዳው ሆኗል የቢራ ችሎት።
ጎደሊቭ ከቅርጫቱ ሥር ተሰይማለች፣
ደረቅ ዳቦ ቆርሳ ምላሷን ታጥባለች።
ስም የለ፣ አገር የለ፤ ቁጥር ነው ሁሉም፣
ጠማቂው ማን ይሁን ዳኛ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ የተቆላ ገብስ፣
ጥላሸት ቢመስልም ጉሮሮ ላይ ለስለስ።
ሠላሳ ስምንት ሰጠች። ሰባተኛው መራር፣
የሎሚ ልጣጭ ነው፣ የጥድ ሙጫ፣ ጥርስ ላይ የሚቀር።
ጎኗ ያለው ወጣት፣ ዮሪስ፣ ተደንቆ፣
አርባ አምስት ጻፈለት፣ ጢሙ አረፋ ውስጥ ጠልቆ።
«ጮኸብኝ» አለች እሷ። «ሠላሳ ይበቃዋል።»

ከዚያ ዐሥራ አራት መጣ። ምድቡ ፒልስነር፣
ወርቃማ፣ ጥርት ያለ፣ እንከን የለሽ ነበር፣
አፍንጫዋ እስኪደርስ።
የፈረስ ጀርባ ልብስ፣
የእርጥብ ገለባ ሽታ፣ የጓዳ እንጨት፣ ኮምጣጣ ፖም፤
የዱር እርሾ ገብቶበታል፣ ይህ አያከራክርም።

ዮሪስ ፊቱን አጨማዶ ባልዲው ውስጥ ተፋ፤
እሷ ግን ያዘችው፣ ጉንጯ እንደተነፋ።
ይኸው ጠረን ራሱ ያሸልም ነበር፣
በርሜል ውስጥ ሦስት ክረምት ከሚያድረው ጎራ ቢደመር።

ሕግ ግን ሕግ ነው። «ዐሥራ አንድ» ብላ ጻፈች፣
ከግርጌው በትንሹ «ቱቦው ይታጠብ» አለች።

ማታ፣ ወንበር ሲሰበሰብ፣ ባልዲው ሲደፋ፣
ካፖርቷን ደርባ፣ ድምፅዋን አጥፍታ፣
«ከዐሥራ አራት የተረፈ አለ?» አለችው አስተናጋጁን።
ነበረ። ግማሽ ጠርሙስ።
ብስክሌቷ ቅርጫት ውስጥ በሻርፕ ጠቅልላ ወሰደችው፣
ኮብልስቶኑ እስከ ቤቷ እየናጠ አስቆጣው።