የብርድ ሥራ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፣ ከዚራ፣ ከዛፍ ጥላ፤
ጋዙ ያለቀበት፣ ሞተሩ የሚያቃስት፣ የበሩ ጎማ የላላ፣
ድሬ ያሞቀችው ሁሉ እኔ ደጅ ይመጣል፤
ለአንድ ብርጭቆ በረዶ ሰው ስንቴ ይለምናል!

ቅዳሜ ሌላ ሰው ነኝ።
ሙቀቱ ሳይነቃ፣ ኪሴ ውስጥ ፒንሳ እንደረሳሁ፣
በሽንሌ መንገድ ዳር ወዳለችው የአሸዋ ማኮብኮቢያ እሄዳለሁ፣
ጃኬት በትከሻዬ።
በዚህ ሐሩር ጃኬት አንግቶ የሚሄድ ሰው
ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ ፓይለት ነው።

አውሮፕላኗ አሮጊት ናት።
ድሮ አንበጣ ታባርር ነበር፣ በኤረር፣ በሽንሌ ሜዳ፤
ዛሬ ወንበሯ ተነቅሎ፣ በሯ ወልቆ፣ ጎኗ እንደተከፈተ ጓዳ፣
አምስት ሰው ወለሏ ላይ ይደረደራል፣ ጉልበት በጉልበት፣
ለቀፊራ ገበያ የሚሄድ ቲማቲም ይመስል በሳጥን እንደታጨቀበት።
ሻምበል ጥጋቡ፣ ጡረተኛው፣ ማሰሪያቸውን ይጎትታል
አንዴ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ይሳደባል።

እኔ ስም አልጠይቅም። ኪሎ ነው የምጠይቀው፦
ስልሳ ሁለት። ሰባ አንድ። ዘጠና አራት።

እንነሳለን።
ደቻቱ ደረቅ አሸዋ፣ ጎርፉን እንደ ቂም የያዘ፤
የድሮው ሐዲድ እንደ ተበላሸ ዚፕ፣ ከተማዋን ሊዘጋ ሞክሮ የፈዘዘ።
ሰባት ሺህ ጫማ ላይ ላብ ይደርቃል፣
አሥራ አንድ ሺህ ላይ ጥርስ ይጋጫል፣
አሥራ ሦስት ላይ፣ ይኸው፦
ሳምንቱን ሙሉ በቀጭን ቱቦ የምለምነው ብርድ
ያለ ጋዝ፣ ያለ መብራት፣ ሰማይ ሙሉ ተቀምጧል።
ለማን ይነገራል? በምን ዕቃ ይወርዳል?

በሩ ላይ ሲቆሙ ሁሉም አንድ ፊት አላቸው።
ከዚያ የሉም።
መሪዋ እጄ ላይ ይነግረኛል፦ ስልሳ ሁለት ሄደ፤ ሰባ አንድ ሄደ።
እነሱ ለመውደቅ ይከፍላሉ፣ እኔ ላለመውደቅ ይከፈለኛል፤
እነሱን መሬት በጭብጨባ፣ እኔን በዝምታ ይቀበለኛል።
"አንተስ?" ሲሉኝ እስቃለሁ፦
"አቦ፣ መኪናውን ማን ያቁመው?"

ያን ቅዳሜ መሪዋ ሌላ ነገር ነገረኝ።
አራት ሄዷል። ከኋላዬ ክብደት አለ።
ዞር ስል ነስሮ ነው፣ የመጋላው ባለባጃጅ፣
ሰፈሩን ሁሉ "ቅዳሜ ከላይ ነው የምመጣላችሁ" ያለው፣
የወንበሬን እግር በሁለት እጁ አቅፎ።
ያ ተሳዳቢ ሻምበል እንኳ ምንም አላለውም ነበር፤
ትከሻውን መታ አድርጎት ዘለለ።

"ይቅር?" አለኝ።
"ይቅር።"

ብቻዬን ስሆን አፍንጫዋን ደፍቼ ነው የምወርደው፤ ነዳጅ ብር ነው።
ያን ቀን ክብ እየሠራሁ፣ ክብ እየሠራሁ።
ጃኬቴን ሰጠሁት።
"ያቺ ቆርቆሮ የኛ ናት?"
"ትመስለኛለች።"
"ታንሳለች፣ ወላሂ።"
ስድስት ሺህ ላይ ሙቀቱ እንደ ዘመድ ወጥቶ ተቀበለን።
በስድስት ዓመት ሥራ፣ ሰው ይዤ ስወርድ
የመጀመሪያዬ ነበር፤
ደስ እንዳለኝ ለማን ይነገር?

የዘለሉት ጨርቃቸውን እየጠቀለሉ ይጮኻሉ።
እሱ መሬቱን ሁለቴ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣
ጎማ እንደሚሞክር።
"መጋላ እንዳይሰማ።"
"የምን መጋላ?"

ሰኞ መጣ። ባጃጁ ላይ የእናቱ ፍሪጅ፣ በገመድ የታሰረ፣
ጎማው ነው፤ ቀየርኩት።
ሶኬቱን ሰካሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣
ሁለታችንም እጃችንን እስከ ክንዳችን አስገብተን
ቆምን፤
ስለ ቅዳሜ አንድ ቃል ሳይወጣን፣
ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ፣
ብዙ ቆይቶ
"መጣ" አለ።