ትርጉም ቤት

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ከፎቶ ኮፒው በላይ፣
ሁለት ወንበር፣ አንድ ማኅተም፣ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ በሰው ቃል እንጀራ ስበላ፣
ከፈረንሳይኛ ወዳማርኛ፣ ካማርኛ ወደዚያኛው ደግሞ በሌላ።
የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የልደት፣ የሞት፣
ገጹ ሁለት መቶ ብር፤ ለቸኮለ ሦስት መቶ፣ ለተማሪ በምሕረት።

ማክሰኞ ወይዘሮ ትርንጎ መጡ፣ የወርቅ ቤቱ ባለቤት፣
አሥራ አንድ ገጽ በፌስታል ይዘው፦ «ይኼውልህ፤ ቤት።
ልጄ ነች ያገኘችው፤ ገጠር ነው፣ ፈረንሳይ፣
ከመፈረሜ በፊት በቋንቋዬ ልግባበት፣ ምን እንደሆነ ልለይ።»

ገባሁበት እኔ ቀድሜ። ግድግዳው ሰባ ሳንቲ ሜትር፣
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጣሪያውም ድንጋይ ጭምር፤
ሰው አጎንብሶ የሚገባበት ምድጃ፣ አንድ ጉድጓድ ውሃ፣
ሁለት የፕሪም ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ በረሃ—
አይ፣ «በረሃ» አይደለም፤ «ጠፍ መሬት» ብዬ አረምኩ፣
አንድ ቃል ሲጠፋብኝ ሰፈር ላቃጥል ደረስኩ።

ገጽ ዘጠኝ፦ «ምስጥ ተፈልጎ አልተገኘም» ይላል በማኅተም፤
ወይ ጉድ! እኛ ምስጡን እንጂ ማኅተሙን አግኝተን አናውቅም።

እኛ አገር መሬት ሲሸጥ አዋሳኙ ይጠራል፣
የነሱ ውል ቁጥር እንጂ አዋሳኝ የት ያውቃል?
ካርታውን አየሁና በኛ ደንብ ጻፍኩት አዙሬ፦
«በምሥራቅ የሙሴ ጋስቶን ማሳ፣ በምዕራብ የከብት ኩሬ፣
በሰሜን ደወሏ የተሰነጠቀ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣
በደቡብ መንገድ»—ወዴት እንደሚሄድ ውሉ የማይነግረን።

ሻጯ ማዳም ኦዴት ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣
ሁሉን ሸጠው የግራው ፕሪም ግን፣ እስኪሞቱ፣ ፍሬው የሳቸው።

አንቀጽ ሰባት ላይ ቆምኩ፤ አንድ ቃል አስቸገረኝ፣
መዝገበ ቃላቱ «ባርነት» ይለዋል፤ ልጽፈው አሳፈረኝ።
ነገሩ ባሪያ የለበትም፤ አንዲት የጎረቤት ሴት ናት፣
በዚህ ጓሮ አልፋ ውሃ የምትቀዳ፣ ካያት ከቅድመ አያት፤
ቤቱን ማንም ይግዛው ማን፣ በሩ አይዘጋባትም፣
ባልዲዋን ይዛ ታልፋለች፤ ፈቃድ መጠየቅ የለባትም።
«ባርነት»ን ሰረዝኩና «ጉርብትና» ብዬ ጻፍኩ፣
ሕግ አዋቂ ቢስቅ ይሳቅ፤ ሌላ ቃል ፍለጋ ደከምኩ።

ለምን እንደሚገዙ ጠይቄያቸው ነበር፤ ቀለበታቸውን እያዞሩ፦
«አንድ ቦታ እንዲኖረኝ ነው፣ ‹ተነሺ› የማልባልበት በሩ።
ሦስቴ ሱቅ ለቀቅኩ» አሉ፣ «ሦስቴ ሚዛኔን ታቅፌ፣
ደጅ አደርኩ ማለት ይቀላል፤ ልጄ፣ ቆሜ ነው ያደርኩት ደግፌ።»

ማታ ሠራተኛ ሰፈር፣ ወደ ቀበሌው ቤት፣
የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ስንዝር፤ ጋሽ ዘርጋው ሲያስነጥሱ ካልጋዬ ሆኜ «ይማርዎ» የምልበት።
በሬ ላይ ቁጥር ጽፈዋል በቀይ ቀለም፣ አርባ ስምንት፣
ቀለሙ ከስምንቱ ግርጌ ወርዶ ደፉ ላይ የደረቀበት።
እትዬ አመለወርቅ የሚያፈስ ጀሪካን ይዘው በጓሮዬ አለፉ፣
እንደ ሁልጊዜው ሳያንኳኩ፣ ግድግዳው ጥግ እያረፉ።
ሠላሳ ዓመት በዚህ ጓሮ፣ ወደ ቦኖው፣ በዚች በር፣
አንቀጽ የለን፣ ካርታ የለን፣ ከሳቸው ዱካ በቀር።
ነገ እኔ አራብሳ ስሄድ፣ እሳቸው ቱሉ ዲምቱ፣
ይቺ መተላለፊያ ለማን ትዛወራለች? ማነው ሻጩ? ማነው ባለቤቱ?

ተማሪ ሳለሁ ግጥም ስጽፍ «ቤት ይምታልህ» ይሉኝ ነበር፣
አሁን ቤት የሚመታው ቢጫ ማሽን ነው፣ ከማለዳ እስከ ጀምበር።

ሐሙስ መጡ። አነበቡት፣ ከንፈራቸው እያነበነበ፣
አንቀጽ ሰባት ላይ ጣታቸው ሄዶ ሄዶ ተገደበ።
«ጉርብትና የሚል ቃል፣ ለመሆኑ፣ ፈረንሳይ አለ?»
«ቃሉ እንኳ የለም፤ ሴትየዋ ግን አለች፤ ባልዲዋም አለ።»

ዝም አሉ። በመስኮቱ አቧራ ገባ፤ ማኅተሙን መታሁ።
የአሥራ ሁለት ገጽ ከፈሉ፤ «አሥራ አንድ ነው!» ብዬ ተጣራሁ፤
ደረጃውን ወርደው ነበር።
የማያፈስ ጀሪካን ስንት ነው ዘንድሮ? ሳላውቅ ወጣሁ።