መቀስ የበላው

ሐይፋ፥ ሐዳር ሰፈር፥ ካንዲት ትንሽ አዳራሽ፥
ወለል ልትወለውል ገባች ያልጋነሽ።
ትርኢቱ አላለቀም፤ ከደጃፍ ቆመች።
ሸራው ላይ አንዲት ልጅ ሐር ትፈትላለች።

ፊልሙ ድምፅ የለውም፥ የጃፓን፥ የድሮ፤
አለቃው ይሰጣል ጎደሎ ቆጥሮ።
ጽሑፉን፥ ዕብራይስጥ፥ እሷ አታነብም፤
የደመወዝ ቀን ፊት ግን አይጠፋትም።

ልጅቱ ተነሣች፥ እጇን ወደ ላይ —
ቀጭ!
ባዶ ሐዲድ፥ ጭስ፥ የጧት ሰማይ።
«ሳንሱር» አለ አንዱ፥ «ይሄን ቆርጦታል፤
ምን ብላ እንደ ነበር ከእንግዲህ ማን ያውቃል?»

ያልጋነሽ ታውቃለች።

ባለፈው ሐሙስ ቀን፥ ከተቋራጩ ቢሮ፥
የስድስት ሰዓት ዋጋ ታጥፎ፥ ተሸርሽሮ፥
እሷም እጅ አውጥታ ብዙ ተናገረች፤
አስተርጓሚው ቆርጦ፦ «ታመሰግናለች»።

መብራት በራ። ሰዉ ወጣ።
ከወንበሮቹ ሥር ፈንዲሻ እየጠረገች፥
የተቆረጠውን
ለባዶው ሸራ ትነግረዋለች።