ዘጠነኛው መስመር

ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ከስላይጎ ማዶ፣
ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ወራርዶ፣
ዲምፍና ጠበቀችኝ፣ ከቀይ መኪናዋ ጎን፣
በአንድ እጇ ወረቀት፣ በአንድ እጇ ማሰሪያውን።

ውሻ ነው ብለውኛል፤ እኔ ግን ያየሁት
ታጥፎ ከኋላ ወንበር፣ ፈረስ ነው የሸጎጡት።
ሲወርድ፣ መኪናዋ ከፍ አለች ተንፍሳ፤
ግራጫ፣ ጢማም፣ ቀጭን፤ ባሕታዊ ነው ወይስ እንስሳ?

«ስሙ ፈርዲያ» አለችኝ፣ «አምስት ሞላው ዘንድሮ።»
ለዚህ ዘር አምስት ማለት፣ ከግማሽ ያለፈ ኑሮ።
እኔ ሰባ አንዴን ይዣለሁ፤ በልቤ አሰላሁት፤
ማን ማንን እንደሚቀብር፣ ጮክ ብዬ ግን አላልኩት።

«የምገባበት ሕንፃ፣ ወፍ እንኳን አያስገባም፤
ዳሌዬ ከተሰበረ፣ ርምጃችን አልተስማማም።»
ይህን ብላ፣ ሳታለቅስ፣ ወረቀቷን ሰጠችኝ፤
«ቤትህ ስትደርስ አንብበው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።
እሱ በኋላ መስታወት፣ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያያት፣
እሷ ያልጎደለ ጎማ፣ ጎንበስ ብላ ስትነፋ ተውናት።

ማታ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ።
አንድ፦ ምግቡን ከፍ ባለ ነገር ላይ አስቀምጥለት።
ሦስት፦ ነጎድጓድ አይፈራም፤ የቆሻሻ መኪና ግን ይፈራል።
አራት፦ አጥር በሌለበት አትፍታው፤
ዓይኑ ጥንቸል ካየ፣ ጆሮው ይደነቁራል።
ስድስት፦ ሶፋውን ተወው፤ አትሟገት፤ ትሸነፋለህ።
ስምንት ላይ አበቃ ብዬ ላጥፈው ስል፣
ዘጠኝ የሚል ቁጥር አየሁ።
ከጎኑ ያለው በእስክሪብቶ ተደጋግሞ ተሰርዟል፣
ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ይላል የቀደመ ሰው፤
ይሄኛው ሦስት ቀን አልበላም፤ ታዲያ የት ይጩኸው?
ከተኩላ ገዳዮች ተወልዶ፣ ተኩላ ባለቀበት አገር፣
በሬ ሥር ተዘርግቶ፣ የፖስተኛ ኮቴ ያደምጥ ነበር።
ሾርባ ሠራሁ፣ ዶሮ ቀቀልኩ፣ በእጄ አጎረስኩት፤
ፊቱን ዞር አደረገ፣ በጨዋ ደንብ፤ ተውኩት።

አራተኛው ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣
ዕቃ ማጠቢያው ጋ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ሳለሁ፣
መጣ። አላሸተተኝ፣ አልላሰኝም፤ ቆመ።
ከዚያ ክብደቱን ሁሉ፣ ጭኔ ላይ አጋደመ።

ስድሳ አምስት ኪሎ! ጉልበቴ ከዳኝ፤
ደንግጬ ወደ ጎን ሸሸሁ።
ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። ቀና ብሎ አየኝ፤
ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣስ ይሻል ነበር።
ተመልሶ ሄዶ በሩ ሥር ተኛ።

ሲነጋ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጠፍኩት፣
ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ፣ ፊደሉን ለቀምኩት፦
«ሲደገፍህ፣ አትሽሽ።»

ለምን እንደሰረዘችው፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩ።
ስምንቱ የውሻው ነበር፤
ዘጠነኛው የራሷ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ፣ ከዚህ እስከ ባሊና፤
በየኩርባው ተሳፋሪ፣ እርስ በርሱ ሲዘም በመስታወት አየሁ።
ጎብነት ከሞተች ወዲህ፣
ወደ እኔ የዘመመ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ሌሊት፣ ሳይጠማኝ ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ።
ወገቤን ማጠቢያው ላይ አስደገፍኩ፣
እግሬን ከፈት አድርጌ ተከልኩ፣
ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው።
ብዙ አስጠበቀኝ።

እሑድ ዲምፍና ደወለች።
«በላ?»
«በላ» አልኳት፤ እውነት ነበር፣ ትናንት በልቷል።
«የቆሻሻ መኪናውስ?»
«ሶፋው ሥር ሊገባ ሞከረ፤ ሶፋው ተነሣ።»
ሳቀች። ከዚያ ቆየት ብላ፣ ድምፅዋን አሳንሳ፦
«ዘጠኝን... አነበብከው?»
«ተሰርዟል እኮ» አልኳት፣ «አይነበብም።»
«እሺ» አለች። «እሺ። ደህና።»

ስልኩን ዘግታም አልተንቀሳቀስኩም።
ግራ እግሬ እስከ ዳሌዬ ደንዝዞ ነበር፤
እሱ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኗል።