አምስት ሽሪምፕ

የጋልቬስተን ወደብ ሲርቅ በስተኋላ፣
ዴልበርት ፎቁን ወጣ እንደ ሹም ሊበላ።
ለስዊት እንግዶች የሚከፈተው በር
ካርዱ ገና ሲታይ ወለል ብሎ ነበር።
ወይኑ ተቀዳለት ጓንት ባጠለቀ፣
ስሙን ሳይነግረው አስቀድሞ ባወቀ።

ክዳኑ ሲነሣ አምስት ሽሪምፕ አየ፤
አንድ ሁለት ብሎ እንደ ሳንቲም ለየ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መረብ የጎተተ
አንዱን አነሣና ቀስ ብሎ አሸተተ፦
«ይኼ የኛ አይደለም፣ ፍሪጅ ናት የወለደችው!»
ኦዲል በጫማዋ ከሥር ረገጠችው።

ማታ በረንዳ ላይ እንጆሪ ቀረበ፤
እሱ ግን ወደ ታች ጨለማ አነበበ።
ከሩቅ ብልጭ ያለች ያቺ መብራት ማናት?
ለስዊቱ ክፍያ የሸጣት ጀልባ ናት።

አስተናጋጁ መጥቶ «ምን ጎደለ?» ቢለው፣
«ምንም» አለና
እንጆሪውን ዋጠው።