አራተኛው ወንበር

ከጣቢያው ምድር ቤት፣ ማሞቂያው ከሚያጉረመርምበት፣
እርጥብ ጓንትና ካልሲ ቧንቧ ላይ ከሚሰጣበት፣
አራት የፕላስቲክ ወንበር አለን፤
ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ወደዚያ እንወርዳለን።

ሳጅን ሙርዲና የደሴት ልጅ ናት፤
ያለ ኦርጋን፣ ያለ ጭብጨባ፣ በባዶ ድምፅ መዘመር ያስለመዷት።
ማክፌይል መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመቱ፤ ጸሎቱ አጭር፣
እንደ ሬዲዮ መልእክት፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ ችግር።
እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ሳማትብ ሁለቱ መሬት ያያሉ፤
ስጨርስ ግን አሜኑን አብረውኝ ይላሉ።

አራተኛው ጌዲስ ነበር።
የካቲት ላይ፣ የክላይድ ዳር በረዶ ሲጋግር፣
እስከ ደረቱ ገብቶ ልጅቱን አወጣት፤
አንድ ቀይ ቦቲ ነበር እግሯ ላይ የቀራት።
«በቃ ወንድሜ» ብሎ የአምቡላንሱ ሰው እጁን እስኪይዘው፣
አርባ ደቂቃ ደረቷን እየተጫነ ቆጠረ፤
ያ ቁጥር ነው ዛሬም ከእንቅልፉ የሚያባንነው።

ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት አልወረደም።
«እኔ ስቆጥር እሱ የት ነበረ?» አለኝ አንድ ሌሊት፣ መኪና ውስጥ።
መልስ አልነበረኝም።
የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈትኩ፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

ሙርዲና ፈረቃዋን ቀየረች፣ ከእሱ ጋር ልትውል፤
ማክፌይል ውሻውን ያንሸራሽርለታል፤
ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር ትቶ፣ ደወል ሳይነካ ይሄዳል።
«ለበጎ ነው» ያለው ሰው ከእኛ መሀል የለም፤
እንዲህ ያለ ቃል ወንዝ ዳር አይመነዘርም።

ወንበሩን ግን አላነሳንም።

«ያ ሽባ» አለች ሙርዲና አንድ ንጋት፣
«በጣሪያ ቀዳዳ ያወረዱት፣
እሱ ምን ብሎ ጸለየ? ምንም።
ገመዱን የያዙት ናቸው ያመኑለት።
መዳፋቸው ተልጦ ይሆናል፤ እሱን ማንም አልጻፈላቸውም።»

ትናንት፣ ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣
የጫማ ኮቴ ሰማን ደረጃው ላይ፤
ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል።
ጌዲስ ገባ። ሰላም እንኳ አላለም።
ተቀመጠ፤ ራሱን ወደ ቧንቧው ሙቀት አስጠጋው፤
ማክፌይል «ጌታ ሆይ» ሳይል ገና፣ እንቅልፍ አሸነፈው።
አንኮራፋ። ድምፃችንን ቀነስን።
በማንኮራፋቱ መሀል፣ እንደ ሌባ፣ በሹክሹክታ ጸለይን።

ሬዲዮው ጮኸ፦ ወደብ አጠገብ ጠብ፣ ቢላዋ ይዘዋል፣ ስንት ናችሁ?
ማክፌይል አራቱን ወንበር ተራ በተራ አየ።
«ሦስት» አለ። «መጣን።»

ሙርዲና ጃኬቷን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለች፤
ወደ ዝናቡ፣ በሸሚዟ፣ ቀድማን ወጣች።